ቁስሉን እጇ ላይ ፈለግን

ታላቅ እህቴ አንድ ዓርብ ከአሰሪዋ ቤት መጣችና የሰፋሁላትን ቀሚስ አልጋው ላይ ወረወረችው። «ብብቱ ጠቦኛል፣ አስፊልኝ» አለች። ሙያዬ ስለተነካ ተናደድኩ። እንጀራ ፍለጋ በወጣንበት የሶማሌዎች ከተማ፣ ጅግጅጋ ያር የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጬ የሶማሌ ሙሽሮችን ቀሚስ ስሰፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ብብት አጥብበሻል ያለኝ ሰው ግን የለም። «አንቺ ነሽ የወፈርሽው» አልኳት።

«ሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው እንዴ የሚወፍረው?» አለች እየሳቀች።

እውነትም የጠበባት የግራው ብቻ ነበር። ቀሚሱን አልብሻት እጄን ወደ ብብቷ ብሰድ ባቄላ የምታክል ነገር ከጣቴ ሥር ሸርተት አለች። «እታለም፣ ንፍፊት ነው እኮ» አልኳት። ቃሉን ያወጣሁት ደስ ብሎኝ ነው። ለምን ደስ እንዳለኝ ግን ማስረዳት አለብኝ፤ የመጣብን ሁሉ የመጣው ከዚያ ደስታ ነውና።

ያደግነው ኮምቦልቻ ነው። በእኛ ቤት ንፍፊትን እንደ በሽታ የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። እሾህ የወጋው ልጅ ብሽሽቱ ውስጥ ያብጥበታል፤ ጣቱን የቆረጠው ደግሞ ብብቱ ውስጥ። እናታችን ያነከሰ ልጅ ካየች ብሽሽቱን ትዳስስና ቶሎ ብላ እግሩን ትገለብጣለች። በጣቶቹ መሀል፣ ተረከዙ ላይ፣ ጥፍሩ ሥር ትፈልጋለች፤ ደግሞም ሳታገኝ ቀርታ አታውቅም። ቁስሉ በጨው ውሃ ታጥቦ ሲድን ንፍፊቱም ሟሽሾ ይጠፋል። ስለዚህ ንፍፊት ሲወጣ የሚፈለገው ቁስሉ ነው፤ ንፍፊቱን ራሱን የሚፈራው የለም።

እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና የእህቴን እጅ ይዤ ወደ መስኮቱ ጎተትኳት። ብዙም አልደከምኩ። አውራ ጣቷ ሥር ቆዳው በበረኪና ተሰነጣጥቆ ቀይ ሆኗል። «ይኸው! አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ዕለት እጇን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብኩላትና ቫዝሊን ቀባኋት። በማግስቱ የላስቲክ ጓንት ገዝቼ ሰጠኋት፤ እሷ ግን ጓንት አድርገው ያጠቡት ልብስ የጠራ አይመስላትም።

ከእኛ ክፍል ጎን የምትኖረው ጎጃሜ ጎረቤታችን ሕንጻ ሥራ ላይ አሸዋና ብሎኬት ትሸከማለች። ጉልበተኛ ናት፣ አፏም እንደ ጉልበቷ ነው። ወሬውን ስትሰማ መጥታ የእህቴን ብብት ዳሰሰችና «አትፍሪ፣ ይሄማ ደግ ነው። ደምሽ እየተዋጋልሽ ነው። ንፍፊት የማያወጣ ሰው ነው እንጂ የሚፈራው!» አለቻት። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። የተናገረችው ነገር የሚያስተማምን ነበርና ማታ እራት ላይ እህቴ ራሷ ደግማ ተናገረችው። ደሟ እየተዋጋ ነው።

ጣቷ ዳነ። ንፍፊቱ ግን እዚያው ነበር። ብዙም ሳይቆይ የፈላ ዘይት እጇ ላይ ተፈናጠረ፤ «ታዲያ በዚህ ነዋ!» አልን። ቃጠሎው ሲሽር የተሰበረ ብርጭቆ ቆረጣት፤ አሁንም «በዚህ ነዋ!» አልን። የቤት ሠራተኛ እጅ መቼ ቁስል አጥቶ ያውቃል? ብብቷን በዳሰስኩ ቁጥር እጇ ምክንያት ያቀብለኝ ነበር። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ ረመዳን ገባ፤ ባቄላ የምታክለው አድጋ ጎኗ ሌላ ተጨመረች፤ እኛ ግን አሁንም ጣት እየቆጠርን ነበር። ሰነፍ ወይም ግድ የለሽ ብንሆን ኖሮ ይሄን ያህል አያንገበግበኝም። በየሳምንቱ ነው ብብቷን የማየው። በደንብ ነው የፈለግነው።

ሐኪም ቤት እንድትሄድ ያስገደደቻት አሰሪዋ ናት። አሮጊቷ ሶማሌ ደግ ናት ብዬ አልዋሽም። ስኳር አልቆ እንደሆነ የምትጠይቀው ሰው እንደሰረቃት አድርጋ ነው። ነገር ግን ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። እህቴ ልብስ ስታሰጣ ግራ እጇን እንደማታነሳ፣ ቀኟን ብቻ እንደምትሠራበት ካየች በኋላ «አባዮ» ብላ ጠራቻት፤ በነሱ አጠራር እህት ማለት ነው። «ነገ ሐኪም ካላየሽ ይህን በር እንዳትረግጪ» አለቻት። እህቴ ተከፍታ መጣች። እኔ ደግሞ አሮጊቷን ሰደብኳት። አሁን ሳስበው ያቺን ሴትዮ በየሶላቴ ላስታውሳት ይገባኛል።

እኔ ሶማሊኛ ከእህቴ ስለምሻል አብሬ ሄድኩ። ባጃጅ ይዘን ወደ መሀል ከተማ ወረድን። ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ወጣት፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ብብቷን በጣቶቿ ዳሰሰች። የእህቴን እጅ አንስቼ «ዶክተር፣ ቁስሉ እዚህ ጋ ነው» አልኳትና ብርጭቆ የቆረጣትን አሳየኋት። ሐኪሟ እጁን አየችው፣ በትሕትና መልሳ አስቀመጠችው፤ ከዚያ መጋረጃውን ሳበችና እህቴን ልብሷን እንድታወልቅ ጠየቀቻት። ጡቷን ስትዳስስ አንድ ቦታ ላይ ጣቶቿ ቆሙ።

«ይሄን ታውቂው ነበር?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላት።

እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አዎ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አያምም እኮ።»

ለሐኪሟ መተርጎሜን ትቼ ወደ እህቴ ዞርኩ። በአንድ ክፍል ነው የምናድረው፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት። እሷም «የማያም ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ? የሚያመኝን አይደል ያሳየሁሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚያማት እጇ ነበር። ብብቷም ውስጥ ያለው ሲነካ ትንሽ ይቆጠቁጣት ነበር። ጡቷ ውስጥ ያለው ያ እብጠት ብቻ ነው ምንም ሳያማት የኖረው።

አልትራሳውንድ ተነሳች፣ ከጡቷም ከንፍፊቱም በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱን ስንጠብቅ እህቴ ሥራዋን አላቋረጠችም። ጥቁር አዝሙድ በማር እየበጠበጠች ጠዋት ጠዋት ትውጣለች፤ የሚዋጋላት ደሟ እንዲበረታ። ከሱቅ ስመለስ «ዛሬ ቀለል ብሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። እኔም «አብሽሪ፣ ምንም አይደለም» እላታለሁ። ሁለታችንም የምንናገረው አፋችን ሥራ እንዳይፈታ ብቻ ነበር።

ውጤቱ ካንሰር ነው። በጡቷ አለ፣ በንፍፊቱም አለ። ሐኪሟ ይህን ስትናገር ቀስ እያለች ነበር፤ እኔ ግን ለመተርጎም አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፣ እሱም በሁሉም ቋንቋ ያው ነው። እህቴ ሳልተረጉምላት ሰምታዋለች። አላለቀሰችም። ጥያቄ ጠየቀች፤ ያ ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ የሚረብሸኝ።

«ደምሽ እየተዋጋ ነው ብለውኝ ነበር። ከተዋጋልኝ ታዲያ እንዴት አለፈ?»

ሐኪሟ ልትቸኩል ትችል ነበር፤ በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው። ግን ወንበሯን ወደ እህቴ ሳበች። መጀመሪያ እንዲህ አለች፦ «ንፍፊት ከቁስል ነው ማለታችሁ ልክ ነው። ከደም ሥር ሌላ ቀጭን ሥሮች አሉ፤ ንጹሕ ውሃ መሳይ ነገር ከየአካሉ እየሰበሰቡ ወደ ንፍፊት ይወስዳሉ። ከእጅ የሚመጣው ብብት ይገባል። ከጡት የሚመጣውም አብዛኛው እዚያው ብብት ይገባል። እናንተ እጇን ብቻ አያችሁ።» ይህን ስተረጉም አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ወደ ጥያቄው መጣች። በሰውነት ውስጥ የሚጠብቁ ነጭ ሴሎች አሉ፤ ከእነሱ ካንሰርን የሚገድሉ አሉ፣ ብዙ ጊዜም ይገድላሉ። ነገር ግን ወደ እብጠቱ ከሚመጡት አንዳንዶቹ እብጠቱን እንደ ቁስል ያዩታል። ቁስል ዘንድ የመጣ ሥራው መግደል ብቻ አይደለም፤ ማጽዳት፣ መጠገን፣ አዲስ ሥር እንዲያድግ ማድረግ፣ ውሃው እንዲፈስ ቀጫጭኑን መንገድ ማስፋት ነው። ካንሰሩ ዘንድም ሄደው ይህንኑ ያደርጋሉ። ካንሰሩም በሰፋለት መንገድ ይሄዳል። ንፍፊቱ ውስጥም ቢሆን ሰውነት ራሱን እንዳይወጋ ጠቡን የሚያበርዱ ሴሎች አሉ፤ ማብረድ በማይገባቸው ጊዜም ያበርዳሉ። «ከድተዋት አይደለም» አለች ሐኪሟ። «የሚያውቁትን ሥራ ነው የሚሠሩት።»

እህቴ አፌን አፌን ታይ ነበር። «አሁን ያልሽው እሷ ያለችውን ነው? ከራስሽ አልጨመርሽም?» አለችኝ።

«ከየት አምጥቼ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምጨምረው?» አልኳት በቁጣ።

ሐኪሟን የዚያን ቀን ጠላኋት። ተዋግተው ተሸነፉ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ለተሸነፈ ሰው መድኃኒት ታቀርብለታለህ፣ ታግዘዋለህ። ቁስል መስሏቸው መንገድ የጠረጉትን ግን ምን ትላቸዋለህ? ደግሞ እኛስ ምን አደረግን? ጨው ውሃ አፍልተን፣ ቫዝሊን ቀብተን፣ ቁስል ስናክም ነው የከረምነው። ስንመለስ የባጃጁ ሹፌር ሬዲዮውን ከፍ አድርጎት ነበር፤ ደግ አደረገ።

በማግስቱ ጥቁር አዝሙዱን አልጠጣችም። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ዋለ። ስጠይቃት «ማንን ነው የማበረታው?» አለችኝ። እህቴ በሰውነቷ የምትኮራ ሴት ነበረች። ታማ አታውቅም፤ ወባ ቤታችንን ሁሉ ሲያስተኛ እሷ ነበረች ውሃ የምታቀብለን። አሁን ግን ትንሽ ስታስላት እንኳ ደረቷን ይዛ ታዳምጣለች፤ ከውስጥ የሆነ ሰው የሚያሴርባት ይመስል። ጎረቤታችን እንደ ልማዷ «ደምሽ ይዋጋልሻል» ስትላት እህቴ ተነሥታ ወጣች። ጎጃሜዋ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት «ምን አልኩ?» እያለች አፍጥጣ ቀረች።

ሐኪሟ አዲስ አበባ እንድትሄድ ጻፈችላት። መጀመሪያ መድኃኒቱን ትወስዳለች፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን፤ ጡቱም የብብቱ ንፍፊቶችም ይወጣሉ። እኔ ጡቷን እምቢ ትላለች ብዬ ስሰጋ እሷ የያዘችው ሌላውን ነበር። «ጡቱን ይውሰዱት፣ ልጅ አላጠባበትም። ንፍፊቱን ግን አላስነካም። እሱን ካወጡት ማን ሊጠብቀኝ ነው?»

«እስካሁንስ መች ጠበቁሽ!»

«ቢያጠፉም የኔ ናቸው» አለች።

ሌላም ነገር ነበር። ንፍፊቱ ሲወጣ እጅ ሊያብጥ እንደሚችል፣ ከባድ ነገር ማንሳት እንደሚከለከል ሐኪሟ ነግራታለች። እህቴ የምትኖረው በእጇ ነው። ይህን ባውቅም አላዘንኩላትም፤ ወይም አዝኜ ያዘንኩ አልመሰለኝም። በየቀኑ እጨቀጭቃት ጀመር። ግትር አልኳት፣ መሀይም አልኳት። እኔ ስፈራ ቁጣ ነው የሚቀናኝ፤ ቁጣው ደግሞ ፍርሃቱን ከሰውም ከራሴም ይሸፍንልኛል።

እኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ቤት ሠራተኛ ከታመመች ወይም ለቅሶ ከሄደች ቦታዋ ባዶ አይቀርም፤ እህት ወይም የአክስት ልጅ ገብታ ትይዝላታለች፣ ስትመለስ ታስረክባታለች። አለበለዚያ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ይገባበታል። ስለዚህ አብሬያት አዲስ አበባ መሄድ አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት አሮጊቷ ቤት ገብቼ አጥባለሁ፣ አበስላለሁ፣ ከሰዓት ሱቄን እከፍታለሁ። እናታችን ከኮምቦልቻ መጥታ አዲስ አበባ እንድትቀበላት ተስማማን።

አየር ማረፊያው ድረስ ሸኘኋት። በሩ ላይ ወታደሩ ከዚህ አታልፊም አለኝ። ሰዉ ሁሉ ይተቃቀፋል፤ እኔ ሻንጣዋን በሚገባ አላሰረችውም ብዬ እቆጣታለሁ። ደግማ «ጡቱን ብቻ ብላቸው ምን ይላሉ?» ስትለኝ «ፈሪ!» አልኳት። በሩ ላይ የተለዋወጥነው የመጨረሻ ቃል ያ ሆነ፤ ተራዋ ደርሶ ገባች።

ወራቱ በስልክ አለፉ። ጸጉሯ ረገፈ፣ ምግብ አልረጋላት አለ፣ ግን እብጠቱ እየቀነሰ ነው አሉ። እናቴ ባገኘኋት ቁጥር «አብሽሪ፣ ደህና ናት ኢንሻአላህ» ትለኛለች። እህቴ ስለ አሮጊቷ ትጠይቀኛለች፤ መጋረጃዎቹን አውርጄ አጥቤ እንደሆነ፣ ምንጣፉን ፀሐይ አሳይቼ እንደሆነ። ስለ ኦፕራሲዮኑ አናወራም። ካወራን እንደምንጣላ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ እናቴ ደወለች። አሮጊቷ ቤት ጣሪያ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ነገ ጠዋት ልትገባ ነው፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፣ ልጅቷ ግን ንፍፊቱን አላስነካም ብላ አልፈርምም ብላለች። ሐኪሞቹ ካንሰሩን ብብቷ ውስጥ ትተን ጡቱን ብቻ ብናወጣው ጥቅም የለውም ብለዋታል። «አንቺን ትሰማለች፤ እንደምንም ብለሽ ተናገሪያት» አለችኝ እናቴ፤ ድምጿ ተሰብሯል። አንሶላውን ገመዱ ላይ ወርውሬ «ስጫት» አልኩ። የምናገረውን አውቀው ነበር፤ ወራት ሙሉ ሳዘጋጀው ነው የከረምኩት።

እህቴ ግን ቀደመችኝ። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ቀስ ብላ «እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ታስወጪው ነበር?» አለች።

አዎን ልላት አፌን ከፈትኩ። ታች መንገዱ ላይ የሚኒባስ ረዳት ይጣራል። የራሴን ብብት አሰብኩ፣ ተኝቼ ሲቀድዱት አሰብኩ፣ በራሴ ሰውነት መተማመን ሲያቅተኝ አሰብኩ፤ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አላውቅም፣ እታለም» አልኳት። «ወላሂ አላውቅም። እፈራለሁ። እስካሁንም ፈርቼ ነው የምጮህብሽ። ካላወጡት ትሞችብኛለሽ ብዬ እፈራለሁ፣ ሲያወጡትም እንዳላጣሽ እፈራለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።» ከዚያ አለቀስኩ። አልቅሼ ሰምታኝ አታውቅም፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አልቃሻዋ እሷ ናት።

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

«ትፈሪያለሽ እንዴ?» አለችኝ። እንደ መገረም ያለ ነገር ነበረበት ድምጿ። «እኔ እኮ ብቻዬን የምፈራ መስሎኝ ነው። እማ ትጸልያለች፣ አንቺ ትቆጫለሽ፣ ሐኪሞቹ ይጽፋሉ። ከውስጤም ከውጭም ከእኔ ጋር የሆነ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?»

ስልኩን ሳትዘጋው ከጆሮዋ አራቀችው፤ የአልጋው ብረት ሲንቋቋ፣ የእናቴ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ የእህቴ ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ ለእኔ አልነበረም።

«እማ፣ ነይ። ወረቀቱን እንዲያመጡት ንገሪያቸው። ከነንፍፊቱ ያውጡት።»